የዝምታው ፀጉር ቤትና ጅራቱን የሚበላው ሙሽራ

ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰውዬ በሰፈሩ «ዝምታው» ተብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ለተንኮል። ማሽኑን ከሰካበት ጊዜ አንስቶ ደንበኛውን አራግፎ እስኪሸኝ ድረስ አፉ ክድን አይልም። ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል፣ ስለ ጎረቤቱ የሚያፈስ ጣሪያ ያወራል፣ ያየውን ሕልም ከነትርጓሜው ያወራል። መልስ አይጠብቅም። ደግሞስ ጉሮሮው ላይ ምላጭ የተያዘበት ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ዕድሜዬን ከፊደል ጋር በጸጥታ ስለጨረስኩ ይሁን እንጃ፣ የሱ ወሬ ይስማማኛል። እንደ ዝናብ ድምፅ ነው፤ ባላዳምጠውም ያሳርፈኛል።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ለወረፋ ጠባቂ አንድ አግዳሚ፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ። የቀረው ሁሉ መስታወት ነው። ከወንበሩ ፊት ለፊት ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘ መስታወት፣ ከኋላ ከአግዳሚው በላይ ደግሞ ሌላ የሱ መንትያ። ደንበኛ ማጅራቱን እንዲያይበት ነው ይላል ዝምታው። እውነቱን ለመናገር ግን ራሱን ከፊትም ከኋላም ማየት ስለሚወድ ነው። ፀጉሩን ጥቁር ይቀባል፤ ጺሙን በክር ለክቶ የቆረጠው ይመስላል። የኔን ጆሮ ዙሪያ ሲያስተካክል እንኳ ዐይኑ ያለው የራሱ ቅንድብ ላይ ነው። ጆሮዎቼ እስካሁን ሁለት መሆናቸው የፈጣሪ ሥራ ነው።

ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ሌላ ልጅ የለውም። አምና ተዳረችና ባሏ ሥራ ወዳገኘበት ሩቅ ከተማ ሄደች። ሠርጉ ያለፈ ሰሞን ዝምታው ወሬው እንኳ ጨው አጣ። ከዚያ አንድ ቀን ለመስተካከል ስገባ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በፓውደሩና በማበጠሪያዎቹ መሃል፣ የውሃ ማሰሮ የሚያህል ክብ ብርጭቆ ተቀምጦ አየሁ። ውስጡ ጥቁር ቀይ ዓሣ አለ፤ ሰውነቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ክንፉና ጅራቱ ግን እንደ ሐር መጋረጃ ተንዘርፍፏል።

«ጋሼ፣ ይተዋወቁ፤ ሙሽራው ይባላል» አለኝ። «ልጄ ናት የተወችልኝ። መንገዱ ይጎዳዋል ብላ። አዩልኝ? ከአንዱ ሙሽራ ጋር ሄደች፣ ሌላውን ሙሽራ ለኔ ጣለችልኝ።»

«ለምን ቤት አላስቀመጥከውም?»

«እሜቴ መች ፈቀደች!»

እሜቴ የሚላት ሚስቱን ነው። የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት፤ አንሶላ ስታጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመላት እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ሴት። «ሰው የማይበላውን ዓሣ ቤቴ አላስተናግድም» አለች አሉ። ስለዚህ ሙሽራው ፀጉር ቤት ተቀጠረ።

በሥራውም ጎበዝ ሆነ። አንገቱ ሥር ያለውን ቆዳ እንደ ጺም ይነፋል፣ ክንፉን ሁሉ ይዘረጋል፣ ጅራቱን ይበትናል፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ይንጎራደዳል። ደንበኛው ሁሉ ወረፋውን ረስቶ ያየዋል። ዝምታው ደግሞ ልቡ ወለል ይላል። «ሰላም እያለኝ እኮ ነው! ገና ከመግባቴ እንዲህ ነው። ውበቱን ያውቃል፤ እንደ አሳዳጊው» ይላል፣ የራሱን ጺም በእጁ እየደባበሰ። ወሬውም ተመለሰለት። አሁን ጉልበቱም ጣሪያውም ቀርተው ወሬው ሁሉ ሙሽራው ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ የሙሽራው መጋረጃ መተልተል ጀመረ። መጀመሪያ ጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ አይጥ ንክሻ ያለች ጎዶሎ ታየች። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ጅራቱ ክር ክር እያለ መጣ፤ ያ የሐር መጋረጃ የተቀዳደደ የጋራዥ ጨርቅ መሰለ።

ዝምታው ጥፋተኛ ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ የጠረጠረው ውሃው ውስጥ የቆመችውን የፕላስቲክ አበባ ነው። እሜቴ ናት የሰጠችው፤ ሆቴሉ የጣለው ጌጥ ነው። ቅጠሏን በጣቱ ሲዳስሰው እንደ መጋዝ ትሻክራለች። «በቃ፣ ሚስቴ ናት የቀደደችው!» ብሎ አበባዋን ነቅሎ ጣላት። መቀደዱ አልቆመም። ቀጥሎ ውሃው ይሆናል ብሎ ጠዋት ጠዋት ከቧንቧው እየቀዳ፣ ያንን አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ ውሃ ከነመድኃኒት ሽታው ይለውጥለት ጀመር። ሙሽራው ይባስ ብሎ ደበተው። መነፋቱንና መንጎራደዱን ግን አልተወም፤ ሲደክመው ዞሮ የገዛ ጅራቱን ይነክሳል።

አንድ ቀን ይኼው ሰውዬ ቀጭኗን መቀስ ይዞ ብርጭቆው ላይ አጎንብሶ አገኘሁት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ምንም። ጫፉን ትንሽ ላስተካክለው ነዋ። እኩል ቢሆን እኮ ያን ያህል አያስጠላም።»

«አንተ! ሥጋው እኮ ነው፣ ፀጉር አይደለም!»

መቀሱን ኪሱ ከተተው። እጁ ግን ሲበላው ዋለ፤ ያልተስተካከለ ጫፍ እያዩ ዝም ማለት ለሱ ከባድ ነው። በዚያ ቀን የኔን ጎፈሬ ከልክ በላይ አሳጠረው። ብሶቱ የወጣው በኔ ላይ ነው።

ልጁ በየሳምንቱ ትደውላለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ፓውደሩ አጠገብ ያቆመዋል፤ እኛም እንሰማለን።

«አባዬ፣ ሙሽራው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ይበላል?»

«ይበላል።»

ከዚያ ቶሎ ብሎ ስለ አየሩ ይጠይቃታል። አግዳሚው ላይ የተቀመጥነው እርስ በርስ እንተያያለን፤ ሙሽራው ደግሞ ከጎኑ ሆኖ ክር የሆነች ጅራቱን ያውለበልባል።

ነገሩ የከረረው ልጅቷ ልትጠይቃቸው እንደምትመጣ የተናገረች ዕለት ነው። ዝምታው ክው አለ። ከዚያ ያደረገውን ራሱ ነው ያጫወተኝ፤ ሰው ሚስጥሩን ለደንበኛው ሳይናገር የሚያድርበት ሙያ አይደለም። ፀጉር ቤቱን ዘግቶ፣ ኮፍያውን ዐይኑ ድረስ ደፍቶ፣ የቤት ዓሣ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። ውስጡ ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው ቤት ነው፤ በየመደርደሪያው ትንንሽ የዓሣ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ በገንዳና በገንዳ መካከል ካርቶን ተሸጉጧል። አንዲት ወጣት ሻጭ ትንሽ መረብ ይዛ ቆማለች።

«ጥቁር ቀይ፣ ጅራቱ ረጅም፣ እዚህ ግድም ነጠብጣብ ያለበት» አለ፣ ጉንጩን እያሳየ።

«ቤታ የሚባለውን ዓሣ ነው የሚፈልጉት? ምን ሆኖብዎት ነው አባቴ፣ ሞተብዎት?»

«አባቴ» የምትለዋ ቃል መጀመሪያ ወጋችው። ለፀጉሩ ቀለም ስንት ጊዜውን ይሰዋል! «አልሞተም። ትንሽ... ልብሱ ተቀደደበት።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ልጅዎ ናት የተወችልዎት አይደል? እንዲህ ኮፍያ ደፍተው የሚመጡት አባቶች ሁሉ አንድ ናቸው። መልኩ የሚመሳሰል ሰጥቼ ልሸኝዎት እችላለሁ። ግን አዲሱም እዚያው ቦታ ከገባ ጅራቱን ይበላል። ከሌላ ዓሣ ጋር ነው ያለው?»

«ኧረ ብቻውን ነው! ጎረቤት እንኳ የለው።»

«ክዳን አለው?»

«ክዳን ምን ያደርግለታል? መልኩ እንዲታይ ነው የምፈልገው።»

«ይዘላላ! ሲጨንቀው፣ ውሃው ሲያስጠላው ይዘላል። ውሃውንም እስከ አፉ አይሙሉት። ደግሞ የቧንቧውን ውሃ በባልዲ ያሳድሩና ሙቀቱ የክፍሉን ሲመስል ነው የሚጨምሩለት። በረዶ ውስጥ ቢነክሩዎት እርስዎስ?» አለችውና ዓሣ ሳትሸጥለት የውሃ መድኃኒት ብቻ ሰጥታ ሸኘችው።

ውሃውን እንዳለችው አደረገ። ክዳኑን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ባርኔጣ የደፋ ሙሽራ አይቼ አላውቅም» እያለ ይሟገተኛል።

ከዚያ የኔ ቀን መጣ። ወንበሩ ላይ ነኝ፤ ነጭ ጨርቁ አንገቴ ላይ ታስሯል፣ ፊቴ በሙሉ አረፋ ነው። ግራ ጉንጬ ተላጭቷል፣ ቀኙ ገና ነው። ዝምታው እንደ ልማዱ እያወራ ከነወንበሩ ወደ መደርደሪያው ዞር አደረገኝ። ሙሽራው በዚያች ደቂቃ አንገቱን ነፍቶ፣ ወዲያ ተወረወረ፣ ወዲህ ተወረወረ፤ ቷ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ ቀዝቃዛ ነገር አገጬን መትቶ ጨርቁ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ተንሸራቶ የለም።

«የት ገባ?» አልኩ።

ዝምታው ምላጩን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ያን ሰው ሳውቀው ቃል ያጣው ያን ዕለት ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የደረሰለትም ያን ዕለት ነው ማለት ይቻላል።

«አይንቀሳቀሱ ጋሼ! በእግዜር፣ እግርዎን እንዳያነሱ!» አለ በመጨረሻ፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ሁለታችንም ፈለግን፤ እኔ ቁጭ ብዬ በዐይኔ፣ እሱ በአራቱም እየዳኸ በእጁ። ወለሉ ላይ ደግሞ የጠዋት ደንበኞች ፀጉር ተከምሯል። አንዲት የፀጉር ክምር ስትንፈራገጥ አየሁና «እዚያ!» አልኩት። አነሳው። ሙሽራው ከአፍ እስከ ጅራቱ ፀጉር ለብሶ አንዲት ትንሽ አባጨጓሬ መስሏል። ዝምታው ሻይ የሚጠጣበትን ኩባያ ካደረው ውሃ ሞላና ውስጡ አስገባው፤ ከዚያ ፀጉሩን አንድ በአንድ በጣቱ ጫፍ ይለቅምለት ጀመር። ሙሽራው ጎኑ ላይ ተኝቶ ቆየ፤ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ብቅ ብሎ አየር ጎረሰ። ዝምታውም አብሮ ተነፈሰ። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሳሙና ገብቶበት እንደሆነ ወዲያው አስረዳኝ። ሳሙናው ያለው ግን የኔ ፊት ላይ ነበር።

እሜቴ በዚህ መሃል የምሳ ዕቃ ይዛ ገባች። ባሏ መሬት ላይ፣ ኩባያ ታቅፎ። እኔ በግማሽ ጺም።

«ምን ጉድ ነው?»

ነገርናት። ከጠዋት ጀምራ ቆማ የዋለች ሴት ናት፤ እኔ አረፋውን ልታጠብ ስነሳ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ዝምታው ሙሽራውን ወደ ብርጭቆው መለሰው። ይህን ሁሉ ዓመት ባለቤቷ ፀጉር ቤት እየተመላለሰች ያንን ወንበር ተቀምጣበት አታውቅም ነበር። ቀና ብላ መስታወቱን አየች፤ ከዚያ ብርጭቆውን፤ ከዚያ እንደገና መስታወቱን።

«አንተ ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ ዓሣ ብቻውን ነው ያልከው?»

«ብቻውን ነዋ!»

«ና እዚህ ቁጭ በል።»

ተነስታለት ተቀመጠ። ሥራው ቆሞ ስለሆነ እሱም ከዚያ ቦታ ሆኖ መደርደሪያውን አይቶ አያውቅም። ስንት ጊዜ ተቀምጬበት የራሴን ፊት ብቻ ሳይ የኖርኩት እኔም ከኋላው አጎነበስኩ። በፊት መስታወቱ ውስጥ አንድ ሌላ ሙሽራ አለ፤ የኋላው መስታወት ያንን መልሶ ያሳያል፣ የፊተኛው እንደገና ይቀበለዋል፤ ከሩቅ እስከ ሩቅ የሙሽራ ሰልፍ ነው፤ ሁሉም አንገታቸውን ነፍተው፣ ሁሉም ጅራታቸው ተተልትሎ። የኛ ሙሽራ ገና ከሞት ተርፎ ሳያርፍ፣ ይኼው ሠራዊቱን ሊገጥም ተነስቷል።

«ሰላም እያለኝ አልነበረም ማለት ነው» አለ ዝምታው።

«ሲጣላ ነው የከረመው፤ ከራሱ ጋር» አለች እሜቴ። «አንተ ራስህን ስታይ ደስ ስላለህ፣ ሁሉም ደስ የሚለው መሰለህ።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችውም፤ አላስፈለገም። ዝምታው አንገቱን ደፋ። ከዚያ መስታወቱን ላውልቀው ይሆን ብሎ ሲያመነታ፣ ፀጉር ቤት ያለ መስታወት እንዴት ይሆናል ብሎ ሲጨነቅ፣ እሜቴ ብርጭቆውን በምሳ ዕቃዋ ክዳን ሸፍና፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። «ቤት ነው የሚሄደው» አለች በሩ ላይ። ያ «አላስተናግድም» ያለው አፍ! ዝምታው ይህንን ሊያስታውሳት አፉን ሲከፍት አየሁት፤ እሱም አየኝና ዘጋው። ከዚያ ቀኝ ጉንጬን ላጨኝ።

ልጅቷ ስትመጣ፣ እሱ እንዳጫወተኝ፣ ሙሽራው የሳሎኑ ቁም ሣጥን ላይ ነበር፤ ሰፋ ያለ ባለ ክዳን ገንዳ ተገዝቶለት፣ ከኋላው ካርቶን ተለጥፎለት። ጅራቱ ገና ክር ነው። ዝምታው እስከዚያ ድረስ መንገድ ላይ ሆኖ የሚለውን ሲያጠና ነበር፤ ቁም ሣጥኑን ስታይ ግን ጥናቱ ሁሉ ጠፋበት።

«አጠፋሁት፣ ልጄ» አለ። «ደህና ነው ስልሽ ደህና አልነበረም።»

«አውቄአለሁ አባዬ።»

«ማን ነገረሽ? እናትሽ ናት?»

«አንተ ነህ የነገርከኝ። ደህና ነው ብለህ ዝም ትላለህ እንዴ? አንተ? ስለ አንድ ዶሮ ብጠይቅህ እንኳ ከእንቁላሉ ነው የምትጀምርልኝ።»

እናትና ልጅ ተያይዘው ሳቁበት። እሱም ሲያፍር ቆይቶ አብሮ ሳቀ። ልጅቷ ገንዳው ላይ አጎንብሳ ጅራቱን አየችው፤ ከክሮቹ ጫፍ ላይ እንደ ውሃ ጠርቶ የሚታይ አዲስ ነገር ወጥቷል። «እየበቀለለት ነው» አለች። «ቀለሙ ቆይቶ ይመጣል። ከተሻለው አሁን ይዤው ልሂድ፤ ለዚሁ ብዬ ዕቃም አምጥቻለሁ።»

ዝምታው እሺም እምቢም ሳይል እሜቴ ቀደመችው።

«የት ነው የምትወስጂው? ጅራቱ ሳይሞላለት መንገድ አይወጣም።»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ዓሣ...»

«እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ሲድን ይታያል።»

እንግዲህ ሲድን ሲባል መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሙሽራው ጅራቱ ሞልቶለታል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ትንሽ አጥሮ ነው የበቀለው፣ እሱም ዝምታውን እስካሁን ያሳክከዋል። እሜቴ ግን «ገና ነው» ትላለች። ውሃውን ራሷ ናት የምትለውጠው፤ ባልዲ ውስጥ ያደረውን በክርኗ ነክታ ሙቀቱን ትለካለች፣ የአራስ ልጅ ገላ የምታጥብ ይመስል። ዝምታው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ምሳውን ፀጉር ቤት ሲበላ የኖረ ሰው፣ አሁን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቁልፉን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይሮጣል። እሜቴም «ለኔ ሲል አንድ ቀን ሮጦ አያውቅም» ትለዋለች፣ ምሳውን ግን ሁልጊዜ ሞቆ ያገኘዋል።

ባለፈው ሳምንት ልስተካከል ስሄድ ወሬውን ገና በሩ ላይ ጀመረልኝ። በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እሜቴ ገንዳው ላይ ነጭ አረፋ አገኘች፤ ትንንሽ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ በአንድ ጥግ የተከመረ። አረፋን ከዚህች ሴት በላይ የሚያውቅ የለም።

«የመላጫ ብሩሽህን እዚህ ነው ያጠብከው!» ብላ አፋጠጠችው።

«ኧረ በእግዜር አልነካሁትም! የናንተ ሆቴል ሳሙና ይሆናል እንጂ፤ ክርንሽን ሳታለቀልቂ ነክረሽ!»

እኔ ነኝ አንተ ነህ ሲባባሉ በመጨረሻ ለልጃቸው ደወሉ። ስልኩ ውስጥ ሳቋ ቤቱን ሞላው።

«ሳሙና አይደለም። ራሱ ነው በአፉ የሠራው። ሲመቸው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ለልጆቹ ቤት እየሠራ ነው።»

«ለየትኞቹ ልጆቹ?» አለ ዝምታው። «ሚስት እንኳ የለው!»

«እንጃ አባዬ። ቢመጡ ብሎ ይሆናላ።»

እሜቴ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው፣ አረፋው እንዳይፈርስ በቀስታ። ዝምታው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ሙሽራው ቤቱን ሲሠራ እያየ ምሳውን በላ። ወደ ሥራው የተመለሰው ደንበኞች በሩ ላይ ከተሰለፉ በኋላ ነው። ከነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሳልቆጣው ቀርቼ እንዳይመስላችሁ።